ደሴ ውስጥ አኳሪየም ያላችሁ፣ እባካችሁ ድረሱልኝ

ሰላም ወገኖች። አዲሱ አኳሪየሜ ውስጥ ያሉት ጎልድፊሽ ዓሣዎች ከትናንት ጀምሮ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የትልቁ ስንጥብ ቀልቷል። ክንፉን ሰብስቦ ጥግ ይዟል፤ ምግብ ስጥልለት ዞር ብሎም አያይ። ውሃው የሩዝ እጣቢ መስሏል። በጣም ጨንቆኛል። የደሴ ብርድ ነው እንዳልል ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይስማማዋል።

ከዓሣው ኩስና ከተረፈ ምግብ ዓሣውን የሚመርዝ አሞኒያ ይወጣል። እሱን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ውሃ ማጣሪያው (ፊልተሩ) ላይ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ምግብ ቀንሻለሁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ አሳድሬ በየቀኑ ሩቡን እቀይራለሁ።

መላ ያጣሁለት መብራቱ ነው። በጠፋ ቁጥር ፊልተሩ ይቆማል፣ ውሃው አየር ያጥረዋል፣ ባክቴሪያዎቹም ይጎዳሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ እዚህ የት ይገኛል? ደግሞ ዓሣዎቹ ጤነኛ የሆኑለት ሰው ካለ፣ ከቆየ ፊልተሩ ስፖንጅ ትንሽ ቆርጦ ቢሰጠኝ ባክቴሪያው ቶሎ ይያዝልኛል። እንዳይደርቅ በራሱ ውሃ አድርጌ እወስደዋለሁ። ኮምቦልቻ ያላችሁም ንገሩኝ፣ ዛሬውኑ እወርዳለሁ።