መመሪያው አንድ ዋጋ ይላል፣ ነጋዴው ሌላ፤ የትኛውን ልያዝ?

አዲስ ሰብሳቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሳንቲም ነጋዴ አንድ የ1881-ኤስ ሞርጋን ዶላር ልገዛ አስቤያለሁ (የድሮ የአሜሪካ የብር ዶላር ነው፤ «ኤስ» በሳን ፍራንሲስኮ መመታቱን ያሳያል)። ስላብ ውስጥ፣ ማለትም ደረጃ ሰጪ ድርጅት በሚያሽግበት ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ፣ የታሸገ አይደለም፤ ነጋዴው ማቀፊያው ላይ በእጁ «ኤምኤስ-65» (አገልግሎት ላይ ላልዋለ ሳንቲም የሚሰጥ ከፍ ያለ ደረጃ) ብሎ ጽፎበታል። ሦስት የዋጋ መመሪያ ባይ ሦስት የተለያየ ዋጋ አገኘሁ። ሬድ ቡክ የሚባለው መጽሐፍ ከፍ ያለ ነው፣ የደረጃ ሰጪው ድርጅት የፒሲጂኤስ ድረ ገጽ ሌላ ይላል፣ ግሬይሺት የሚባለው የነጋዴዎች ዝርዝር ደግሞ ከሁለቱም በጣም ያንሳል። ነጋዴው የሚጠራው ልክ የመጽሐፉን ነው። ግሬይሺቱን አሳይቼ «በዚህ ስጠኝ» ብል ነውር ይሆን? ትክክለኛው ዋጋስ የትኛው ነው?

ሚዛን

ሦስቱ ያልተስማሙት አንዱ ስለተሳሳተ አይደለም፤ የሚነግሩህ ነገር ስለሚለያይ ነው።

ሬድ ቡክ የችርቻሮ ዋጋ ነው፤ ሰብሳቢ ለነጋዴ ይከፍላል ተብሎ የሚገመተውን ይጽፋል። የሚታተመው በዓመት አንዴ ሲሆን ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመትም ያታልላል፦ የ2025 እትም ገበያ ላይ የዋለው በ2024 ነው፤ ዋጋዎቹ ደግሞ ከኅትመቱ በፊት የተሰበሰቡ ናቸው። ስለዚህ ገበያው ሲወርድ መጽሐፉ እንደተወደደ ይቀራል፣ ሲወጣም እንደረከሰ። የዚህ ትልቁ ምሳሌ 1903-ኦ ሞርጋን ነው («ኦ» የኒው ኦርሊንስ ምልክት ነው)። እ.ኤ.አ. እስከ 1962 ድረስ ከሞርጋኖች ሁሉ ብርቅ ከሚባሉት አንዱ ነበር። በዚያ ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለዓመታት ያስቀመጣቸውን የሳንቲም ከረጢቶች ሲያወጣ ዋጋው በአንድ ጊዜ ተንኮታኮተ፤ የታተመው መጽሐፍ ግን ያው የድሮውን እያሳየ ነበር።

ግሬይሺት ከ1963 ጀምሮ የሚወጣ የነጋዴዎች ዝርዝር ነው። ቢድ የሚባለው ነጋዴ ከነጋዴ ሊገዛ የሚያቀርበው ዋጋ ነው፤ አስክ ደግሞ ለሌላ ነጋዴ የሚሸጥበት። ነጋዴውን «በቢድ ስጠኝ» ስትለው «ያለ ትርፍ ሽጥልኝ» ማለትህ ነው። ነውር የለበትም፣ ግን እሺ አይልህም። አንተ ለእርሱ ስትሸጥም ብዙውን ጊዜ ከቢድ በታች ነው የሚሰጥህ። ግሬይሺቱን መደራደሪያ ሳይሆን ወለል አድርገህ ያዘው፤ ጥያቄው ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ብለህ ትከፍላለህ የሚለው ነው።

የፒሲጂኤስ መመሪያ የሚናገረው ራሱ ድርጅቱ መርምሮ ስላሸጋቸው ሳንቲሞች ነው። ያንተ ሳንቲም አልታሸገም፤ እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ጭራሽ የለም።

አጉሊ መነጽር

ሚዛን ስለ ዋጋው በደንብ ተናግሯል። እኔን የሚያሳስበኝ ያ በእጅ የተጻፈ 65 ነው። መመሪያ ዋጋ የሚሰጠው ለሳንቲሙ ሳይሆን ለግሬዱ (ለጥራት ደረጃው) ነው፤ ግሬዱ ከተሳሳተ የትኛውንም ገጽ ብትከፍት የምታነበው የሌላ ሳንቲም ዋጋ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚጎዳ 1884-ኤስን እይ። ከ3 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል፤ ያረጀውን በቀላሉ ታገኘዋለህ። ያልተነካው፣ ማለትም አገልግሎት ላይ ያልዋለው፣ ግን እጅግ ብርቅ ነው። እዚህ ላይ ኤዩ-58 (በጥቂቱ የተነካ) እና ኤምኤስ-62 (ያልተነካ) መካከል ያለው ልዩነት፣ በዓይን ሲታይ ከፍ ያሉት ቦታዎች ላይ ያለች ቀጭን ግራጫ ጥላ፣ ዋጋውን ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። 1881-ኤስ ላይ እንዲህ አይከፋም፤ ቢሆንም ከ64 ወደ 65 ያለው ደረጃ ቀላል አይደለም።

ሳንቲሙን ስታይ እንዲህ አድርግ። የጣሪያውን ነጭ መብራት ትተህ አንድ ነጠላ አምፖል ያለው የጠረጴዛ መብራት ጠይቅ። ጠርዙን ብቻ ይዘህ ከብርሃኑ ሥር ቀስ ብለህ አዙረው። ጤነኛ ሞርጋን ላይ ብርሃኑ እንደ ጋሪ መንኮራኩር ዘንግ ሳይቋረጥ ይዞራል። ያ ዙረት ሳንቲሙ ላይ ባለችው ሴት ጉንጭ ወይም ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር ላይ ከተቋረጠ ሳንቲሙ ተነክቷል። 1881-ኤስ በጥርት ያለ ምት የታወቀ ስለሆነ «ሲመታ ምቱ ደካማ ስለነበረ ነው» የሚለውን ምክንያት አትቀበል፤ ያ ምክንያት የሚያስኬደው ለብዙዎቹ የኒው ኦርሊንስ ሳንቲሞች ነው።

ከዚያ ባለ 5 ወይም ባለ 7 እጥፍ ማጉያ ይዘህ ጉንጯን ተመልከት። በከረጢት ውስጥ እርስ በርስ ሲጋጩ የመጡ ጭረቶች አቅጣጫ የላቸውም፣ አንዳንዱም ጎድጓዳ ነው። የታሸ ወይም የተወለወለ ሳንቲም ጭረት ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ሆኖ ወደ አንድ አቅጣጫ የተጋደመ ነው። ይህን ካየህ 65 የሚለውን እርሳው፤ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶቹ እንዲህ ላለው ቁጥር አይሰጡም፣ «ዲቴይልስ» (ችግር ያለበት) ብለው ይመልሱታል። ከመመሪያው ዋጋም በብዙ ይቀንሳል፤ መመሪያዎቹ ሁሉ ችግር ለሌለበት ሳንቲም ነው የሚጽፉት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ማቀፊያው ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ከሆነ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ፊደሎቹ ሥር መኖር አለመኖሩን ፈልግ። ፒቪሲ ነው፤ ብሩን ይበላዋል።

አዲስ ሰብሳቢ

በጣም አመሰግናለሁ። ሳንቲሙን በመብራት ደግሜ አየሁት፤ ብርሃኑ ይዞራል፣ ጉንጩ ላይ ግን ሁለት ግልጽ ጭረት አለ። በስንት ልጀምር?

ሚዛን

ሁለት ግልጽ ጭረት ጉንጩ መካከል ካለ በ64 ገምተው። ጉንጭ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ገማቾች በዚያ ላይ ጨካኞች ናቸው። ላልታሸገ ሳንቲም የ65 ዋጋ አይከፈልም፤ 64 ሆኖ ቢወጣ ልዩነቱን የምትሸከመው አንተ ነህ።

ከዚያ መመሪያውን ወደ ጎን አድርገህ በቅርብ ወራት የተሸጡ የ64 ሳንቲሞችን ዋጋ ከጨረታ መዝገብ አውጣ። የሚጠየቀውን ሳይሆን የተከፈለውን ብቻ ያዝ፤ ማንም ሰው የፈለገውን መጥራት ይችላል። ሦስት አራት ሽያጭ ይበቃል፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ፎቶውን እይ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚያምር ቀለም ነው፣ ወይም ችግር።

ክፍያውን አትርሳ። መዝገቡ የሚያሳየው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የገዢውን ኮሚሽን ጨምሮ ነው። የጨረታው መዶሻ 70 ዶላር ላይ ቢወድቅና ኮሚሽኑ 20 በመቶ ቢሆን ገዢው የከፈለው 84 ነው። የሻጩ ድርሻ ግን ቢበዛ 70 ነው። እንግዲህ ግሬይሺቱ ለ64 ቢድ 68 ቢል፣ ሬድ ቡኩ 100 ቢል (ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ ናቸው)፣ ከነጋዴ ፊት ለፊት አይተህ የምትገዛው ሳንቲም 80 እስከ 88 መካከል ቢሆን ተገቢ ነው። 78 ብለህ ጀምር።

ስትደራደር መጽሐፍ አትዘርጋ። «ይህን ሳንቲም በሚቀጥለው ወር መልሼ ባመጣልዎት በስንት ይገዙታል?» ብለህ ጠይቅ። በ65 እየሸጠልህ በ63 ዋጋ እገዛዋለሁ ካለ፣ ስለ ግሬዱ የሚያምነውን ነግሮሃል። የመመለሻ ጊዜ ስጠኝ፣ ደረሰኙ ላይ ግሬዱን ጻፍልኝ በለው። እንቢ ካለ ተወው፤ 1881-ኤስ ሞልቷል።

የብር ሚዛን

ሁሉም ስለ ከፍተኛ ግሬድ ስላወራ ስለ ያረጁትም ልጨምር። ተራ ዓመት ሆኖ ያረጀ ሞርጋን ዋጋው የሚሄደው ከማዕድኑ ጋር ነው፤ ባለፈው ዓመት የታተመ መጽሐፍ እዚህ ላይ አይረዳህም። አዲስ ሳለ ሚዛኑ 26.73 ግራም ነው፣ 90 በመቶው ብር። ንጹሁ 24.06 ግራም፣ ማለትም 0.7734 ትሮይ አውንስ ይሆናል። የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በዚህ አባዛው፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቅህ ለዓመቱና ለመልኩ ነው።

እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ይዘህ ሂድ። መልኩ አዲስ ሆኖ ሚዛኑ ግማሽ ግራም ከጎደለ አትግዛ። ማግኔት ከሳበው ወዲያውኑ መልስ። ስላብ ውስጥ ቢሆንም ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ፈትሸህ ፎቶ ካለ ከያዝከው ጋር ጭረት በጭረት አስተያይ፤ የውሸት ስላብም አለ፣ እውነተኛ ቁጥር ተቀድቶበት።

መመሪያ ላይ ትልቅ ዋጋ ያለው ዓመት ሲያጋጥምህ ደግሞ ጥርጣሬህን ጨምር። 1893-ኤስ 100,000 ብቻ ነው የተመታው፤ ሰዎች ተራ 1893 ላይ «ኤስ» ይለጥፋሉ። ለሕዝብ የወጡት እውነተኞቹ በሙሉ ፊታቸው የተመታው በአንድ የቅርጽ ማኅተም (ዳይ) ስለሆነ ሁሉም ያው ምልክት አላቸው፦ ግንባሯ ላይ «ሊበርቲ» ከሚለው ቃል «ቲ» ፊደል አናት ላይ ከፍ ብላ የወጣች ትንሽ ሰያፍ መስመር። በባለ 10 እጥፍ ማጉያ ትታያለች። ካጣሃት የመመሪያውን የ1893-ኤስ መስመር ዝለለው።