ክርክር፦ የሚዘለልበት የቁጥር ምንጣፍ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል?

አወያይ፦ ጥያቄው አጭር ነው። ለ1ኛ ክፍል ልጆች የቁጥር ምንጣፍ (ቁጥሮች በተርታ በየካሬው የተጻፉበት)፣ የሚወረወር ከረጢትና ትልልቅ ዳይስ ሲገዛ፣ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተቀንሶ ይሠራበት ወይስ ለእረፍት ሰዓት ይተው?

የ1ኛ ክፍል መምህር፦ ለእረፍት ይተው። እስቲ እናስላው። አንድ ምንጣፍ፣ 40 ልጅ፣ ለያንዳንዱ 30 ሰከንድ፤ 20 ደቂቃ አለቀ። አንዱ ልጅ የሠራው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ተሰልፎ ሲጋፋ ነው የሚያሳልፈው። በዚያው 20 ደቂቃ ጠጠርና ደብተር ይዞ ቢቀመጥ ብዙ ድምር ይሠራ ነበር። ዝላዩ ራሱም ስህተት ያለማምዳል። 3+4 ሲባል ልጁ 3 ላይ ይቆምና የቆመበትን ካሬ «አንድ» ብሎ ይጀምራል። «አራት» ሲል 6 ላይ ነው። መምህሩ ሰልፉን ሲያስከብር ይህን ካላየለት መልሱ 6 ነው ብሎ አምኖ ይመለሳል።

የመምህራን አሰልጣኝ፦ ሰልፉ የአደራጃጀት ችግር እንጂ የምንጣፉ አይደለም። ጠመኔ ካለ ምንጣፍ መግዛትም ግድ አይደለም። ከ0 እስከ 10 ድረስ 11 ካሬ፣ እያንዳንዱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ30 ይሆናል። እንዲህ ያለ 10 መስመር ውጭ አስምሩና ልጆቹን አራት አራት አድርጋችሁ መድቡ። አንዱ ዳይስ ይጥላል፣ አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ በጠጠር ያረጋግጣል። ከዚያ ይቀያየራሉ፤ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። ለጀማሪ ከ1 እስከ 3 ብቻ ያለው ዳይስ ይሻላል፤ በ6ቱ ከተጀመረ ቶሎ ከመስመሩ ይወጣሉ።

እርስዎ ያነሡት የአንድ ቁጥር መዛነፍ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን አቆጣጠሩ ላይ ነው። ልጁ «አንድ፣ ሁለት» አይበል። 3 ላይ ቆሞ ዝም ይላል፤ ሲዘል ያረፈበትን ይጠራል፦ «አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት»። ስንት እንደዘለለ የሚቆጣጠረው ዳይስ የጣለው ጓደኛው ነው፤ በእያንዳንዱ ዝላይ አንድ ጣት ያነሣል፣ አራተኛው ጣት ሲነሣ «ቁም» ይላል። ተመራማሪዎቹ ላስኪና ሲግለር በ2014 ባወጡት ጥናት እስከ 100 በሚደርስ የቁጥር ሰሌዳ ተጫውተው ለውጥ ያሳዩት ልጆች፣ ጠጠሩ ያረፈበትን ቁጥር እየጠሩ የተጫወቱት ናቸው። በየተራቸው ከአንድ የጀመሩት ያን ያህል አልተጠቀሙም።

የ1ኛ ክፍል መምህር፦ ይህማ የእኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው! ያ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። የሲግለርና የራማኒ የ2008 ጥናትም እንዲሁ፤ ከ1 እስከ 10 በተርታ የተጻፈበት ሰሌዳ፣ የ15 ደቂቃ 4 ጨዋታ፣ ማንም አልዘለለም። ቁጥር በሌለው፣ ባለ ቀለም ካሬ ብቻ በሆነ ሰሌዳ የተጫወቱት ልጆች ግን እንደዚያ አልተሻሻሉም። የሠራው የቁጥሩ ቅደም ተከተል ከሆነ እግሩ ለምን ያስፈልጋል?

አሰልጣኝ፦ ርቀቱ በአካል እንዲታወቅ። 8 ከ2 በጣም እንደሚርቅ በእርምጃ የለካ ልጅ ቁጥሩን በመጠን ያስበዋል። ዝላይ የጠረጴዛውን ሥራ ይተካል አላልኩም፤ ይቀድመዋል ነው የምለው።

መጫወቻ ሠሪ፦ የምትገዙ ካላችሁ መጀመሪያ ምንጣፉን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ልሙጥ ፕላስቲክ ከሆነ ሊሾ ወለል ላይ ያንሸራትታል፤ ጎማ ይኑረው ወይም ጠርዙ ዙሪያውን በፕላስተር ይያዝ። በየካሬው መኪናና እንስሳ የተሳለበትን ተዉት፤ ልጁ «መኪናው ላይ ነኝ» እያለ ቁጥሩን ይረሳዋል። ከረጢቱ 100 ግራም ገደማ አሸዋ ይያዝ፣ ስፌቱ ድርብ ይሁን፤ አለዚያ ይፈስሳል። አጠቃቀሙ ላይም አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥር ላይ አነጣጥሮ መወርወር የክንድ ፈተና እንጂ የሒሳብ አይደለም። 10 ከረጢት ወደ ቅርጫት ያስወርውሩና 7 ከገባ ውጭ ስንት እንደቀረ፣ ዞሮ ሳያይ ይናገር። ድምራቸው 10 የሚሆን ጥንዶች የሚለመዱት እንዲህ ነው፤ የሳተውም ልጅ ያገቡትን ያህል ሒሳብ ይሠራል።

የልዩ ፍላጎት መምህርት፦ መዝለል የማይችል ልጅ ሁልጊዜ ጸሐፊ ብቻ ይሆናል? መስመሩ ጠረጴዛ ላይ ይሠራለትና በጣቱ ወይም በከረጢቱ «ይዝለል»፤ ተራው አይቀር። መቀነስ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ወደ ኋላ የሚዘል ልጅ ይወድቃል፤ ፊቱን ወደ 0 አዙሮ ይራመድ። ፍጥነት ውድድር ከሆነም የዘገየው ልጅ መቁጠሩን ትቶ መገመት ይጀምራል።

የ1ኛ ክፍል መምህር፦ በአንድ ቅድመ ሁኔታ 10 ደቂቃ እሰጣለሁ፦ የተዘለለው ወዲያው፣ በዚያው ክፍለ ጊዜ፣ መስመር ተስሎበት ደብተር ላይ 3+4=7 ተብሎ ይጻፍ። በሳምንቱ መጨረሻ መስመሩ ይጥፋና 6+3 ይጠየቁ። «ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ» የሚል ያለ መስመር በቁጥር ብቻ ወደ መሥራት ይለፍ። ከአንድ የሚጀምር ከሆነ መስመሩ ገና ያስፈልገዋል። ግማሹ ክፍል ከአንድ ከጀመረ ግን 10 ደቂቃዬን ለጠጠሩ እመልሳለሁ።