ለታመመው ወንድማችን ሞግዚት እናሹም ወይ?

ጥያቄ (ከሄርማታ፣ ጅማ)
ታላቅ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ከያዘው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። መድኃኒቱን ሲወስድ ለወራት ደህና ሆኖ የቡና ንግዱን ራሱ ይመራል፤ ሲያቋርጥ ግን የቀረበለትን ወረቀት ሁሉ ይፈርማል። ባለፈው ኅዳር አንድ ደላላ ከአባታችን የወረሰውን ቤት የሽያጭ ውል አስፈርሞት አገኘን። እናታችን በፍርድ ቤት ሞግዚት ይሾምለት ይላሉ። እኔ ግን ሲሻለው በገዛ ንብረቱ ላይ ማዘዝ እንዳያቅተው እሰጋለሁ።

መልስ 1 (የሕግ ባለሙያ)
የአእምሮ ሕመም ብቻውን የሰውን ሕጋዊ ችሎታ፣ ማለትም ውል የመፈረምና በንብረቱ የማዘዝ መብቱን፣ አያሳጣም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው ክልከላ፣ ማለትም ሰው በራሱ እንዳይዋዋል መታገዱ፣ የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲወስን ነው። አቤቱታውን ራሱ ታማሚው፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ ችሎቱም ሰውየውን ሳያይ፣ መቅረብ ካልቻለም ሳያስመረምር አይወስንም። ጅማ ላይ አቤቱታው በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል። ከተከለከለ በኋላ የአካሉ ጥበቃ በአሳዳሪ፣ የንብረቱ አስተዳደር በሞግዚት ይያዛል፤ ሞግዚቱም ቢሆን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ቤቱን መሸጥ አይችልም። ምክንያቱ ሲወገድ ክልከላው እንዲነሣ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ስጋትዎ ተገቢ ቢሆንም መፍትሔ የሌለው አይደለም።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ያ ውል ነው። ክልከላው ወደ ኋላ ሄዶ ውሉን አያፈርስም። በፈረመበት ሰዓት ነጻ ፈቃድ ለመስጠት በማይችልበት ሁኔታ ላይ እንደነበር በማስረዳት ለብቻው ክስ መመሥረት ያስፈልጋል፤ የዚያ ሰሞን የሕክምና ካርዱም ዋናው ማስረጃ ነውና ዛሬውኑ ያስወጡት።

መልስ 2
እኛ ለአክስታችን ያስወሰንነው ሳንነግራት ነበር። መጥሪያውን የሰማችው ከጎረቤት በመሆኑ ለሁለት ዓመት ከማናችንም ጋር አልተነጋገረችም፤ መድኃኒቷንም ያቋረጠችው ያን ጊዜ ነው። እባክዎን ደህና በሆነበት ቀን አስቀምጠው ያማክሩት።

መልስ 3 (የአእምሮ ሕክምና ነርስ)
ከላይ የተባለውን እየደገፍሁ፣ ክልከላ መጀመሪያ የሚደረስበት ነገር መሆን አይገባውም እላለሁ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ሰው ሕጋዊ ችሎታውን ሲጠቀምበት እንዲደገፍ ያዛል እንጂ ሌላ ሰው እንዲተካው አያስቀድምም። ወንድምዎ ጤናው በተመለሰበት ወቅት ለሚያምነው ሰው ውክልና ቢሰጥስ?

መልስ 1 (የሕግ ባለሙያ)
መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። ስለዚህ ከዚያ በኋላም እንዲቀጥል በግልጽ ይጻፍ። ውክልና ደግሞ እሱ ራሱ እንዳይፈርም አያግደውም፤ ደላላው ተመልሶ ቢመጣ የሚያስቆመው ክልከላው ብቻ ነው። ክልከላ ከተጠየቀም አንዳንድ ሥራዎችን፣ ለምሳሌ የቡና ንግዱን፣ ራሱ እንዲሠራ ፍርድ ቤቱ እንዲፈቅድለት አብሮ ይለመን።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ክትትሉ ስለሆነ አብሬው ሄጄ ካርዱን አስወጣለሁ፤ ስለ ውክልናው ግን መንገድ ላይ እሱን ራሱን እጠይቀዋለሁ።