ጎበጥ ያለ ሰፊ ሞኒተር ለፎቶና ለጌም

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ ቀን የሠርግ ፎቶ አርማለሁ፤ ማታ የመኪና ውድድር ጌም እጫወታለሁ። 34 ኢንች፣ 3440 በ1440 ፒክሰል የሆነ ጎበጥ ያለ ሞኒተር ልገዛ ነው። ከስክሪን ፓነል ዓይነቶች ቪኤ (VA) ይሻላል ወይስ አይፒኤስ (IPS)? የሙሽራዋ ቬሎ ነጭነት እንዲዛባብኝ አልፈልግም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንጀራህ ፎቶ ከሆነ አይፒኤስ ውሰድ። የቪኤ ጥቁር ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይለወጣል። ገንዘብ ሳትከፍል ግራጫ ምስል ስክሪኑን ሞልተህ ክፈትና መሐሉን ከዳሩ ጋር አስተያይ።

መልስ፦ በሞኒተሩ መግለጫ ላይ 1500አር (1500R) የሚል ካየህ፣ የጉብጠቱ ሬዲየስ 1.5 ሜትር ነው ማለት ነው። ጎባጣ ስክሪን ላይ ቀጥ ያለ መስመር የታጠፈ ሊመስል ስለሚችል፣ ፎቶ ላይ የአዳራሽ ዓምድ ስታቃና ዓይንህን ሳይሆን የፕሮግራሙን መስመር እመን። የሞኒተሩ ስፋት 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠረጴዛህን ለካ።

ጠያቂው፦ ጠረጴዛው ይበቃል። የሰፈራችን መብራት ግን ሄድ መጣ ይላል።

መልስ፦ እንግዲያው አነስ ያለ ዋጋ ያለውን ሞኒተር መርጠህ በተረፈው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው መሣሪያ) ግዛ።