የቨርዥን ቁጥሩን ከ1 ወደ 2 ቀየርኩ፤ አንዳንድ መሣሪያዎች ጠፉብኝ

ባለ_ሴንሰሯ፦
ሰላም ለቤቱ። ግራ ገብቶኛል፣ እርዱኝ። የሙቀት ሴንሰሮች ከሰርቨር ጋር የሚነጋገሩባት ትንሽ ፕሮቶኮል አለችን። በቲሲፒ (መረጃን በቅደም ተከተል በሚያደርሰው የኢንተርኔት ማጓጓዣ ፕሮቶኮል) ላይ ነው የምትሄደው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ራሴ ነኝ የጻፍኳት። የሄደሯ (ከመልእክቱ ፊት የሚሄደው መለያ) የመጀመሪያ ባይት የቨርዥን ቁጥር ነው። እስከ ዛሬ 1 እንጂ ሌላ ሆኖ አያውቅም። ሁለተኛው ባይት «ለወደፊት የተያዘ» ነው፤ ሁሌ ዜሮ ይላካል።

ባለፈው ሳምንት ቨርዥን 2ን ለቀቅኩ፤ ሁለተኛውንም ባይት መጠቀም ጀመርኩ። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ሠርቷል። ደንበኞች ጋ ሲደርስ ግን ከ10 መሣሪያ 2ቱ ተገናኝተው ወዲያው ይቋረጣሉ። ወደ 1 ስመልሳቸው ይሠራሉ። ሁለቱም ጫፍ የኔ ኮድ ነው። ታዲያ ማን ነው የሚቆርጠው? የቨርዥን ቁጥር ያስቀመጥኩት እኮ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ እንዲቀየር ነው።

ኬብል_ጎታች፦
ሁለቱ ጫፍ ያንቺ ነው፤ መሃሉ ግን ያንቺ አይደለም። መንገዱ ላይ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ትራፊክ የሚያግድ) አለ፣ ናት (ለብዙ መሣሪያ አንድ አድራሻ የሚያጋራ) አለ፣ ትራፊክ የሚመረምር ሳጥን አለ። እነዚህ ዕቃዎች የፕሮቶኮልሽን ሰነድ አላነበቡም። የሚያውቁት ሲያልፍ ያዩትን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ «1፣ 0» ሲያልፍ ካዩ ለእነሱ ሕጉ ያ ነው።

ጉግል፣ ኩዊክ የሚባለው የድረ ገጽ ማጓጓዣ ፕሮቶኮሉ ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ ካልተመሰጠረው ክፍል አንዲት ቢት ቀየረ። የአንድ አምራች ፋየርዎሎች ኩዊክን የሚለዩት በዚያ ባይት ነበር። ሲቀየርባቸው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፓኬቶች (የመረጃ ቁራጮች) ያሳልፉና የቀረውን ይውጡት ጀመር። «ተገናኝቶ ወዲያው ይቋረጣል» ስትዪ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ሌላ የማጓጓዣ ፕሮቶኮል የሆነውን ኤስሲቲፒንም እዪው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደረጃ ሆኖ ወጣ። የቤት ራውተሮች ናት ግን በደንብ የሚያውቀው ቲሲፒንና ዩዲፒን (ቀለል ያለውን ማጓጓዣ) ነው። ስለዚህ ክፍት ኢንተርኔት ላይ መንገድ አጣ። በኋላ ብራውዘሮች ለዌብአርቲሲ (ብራውዘር ከብራውዘር ጋር በቀጥታ ለሚያገናኘው ዘዴ) ሲፈልጉት ዩዲፒ ውስጥ ሸሽገው መላክ ግድ ሆነባቸው።

ቀዳሚ_ፓኬት፦
ኬብል_ጎታች፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አልተዋጠልኝም። ኩዊክን ብዙ ሰው ይጠቀመዋል፣ ሕግ ቢጻፍለት አይገርምም። ለአንዲት የሴንሰር ፕሮቶኮል ማን ተቀምጦ የፋየርዎል ሕግ ይጽፋል?

እህቴ፣ ከመገመት ይልቅ ፓኬት ያዢ። ችግር ባለበት መሣሪያ በኩልና በሰርቨሩ በኩል፣ በአንድ ጊዜ። የሚያልፉትን ፓኬቶች የሚመዘግበው ቲሲፒደምፕ ይበቃል። መሣሪያው ጋ የደረሰ፣ ሰርቨሩ ግን ያልላከው ሪሴት (ግንኙነት የሚቆርጥ ፓኬት) ካገኘሽ መሃል ላይ ሌላ ላኪ አለ ማለት ነው። ቲቲኤሉን (ፓኬቱ ራውተር ባለፈ ቁጥር የሚቀንሰውን ቁጥር) ከሌሎቹ ፓኬቶች ጋር አስተያዪው፤ ከቅርብ ይሁን ከሩቅ የመጣው ፍንጭ ይሰጥሻል። ደግሞስ የሚቋረጡት ሁልጊዜ እነዚያው መሣሪያዎች ናቸው ወይስ ይቀያየራሉ?

ባለ_ሴንሰሯ፦
እነዚያው ናቸው። ይዤ እመለሳለሁ።

ሌሊት_ፈረቃ፦
እስክትመለሺ መውጫውን ልንገርሽ፤ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ብዙ አይለይም። ግንኙነትን የሚመሰጥረው የቲኤልኤስ ፕሮቶኮል ሰዎችም እዚሁ ጣጣ ውስጥ ገብተው ነበር። ቲኤልኤስ 1.3 በ2018 ከመውጣቱ በፊት ሲሞከር፣ አዲሱን ቁጥር ያዩ አንዳንድ ሰርቨሮችና ሳጥኖች ግንኙነቱን ይጥሉት ነበር። ምን አደረጉ? በድሮው የቨርዥን ቦታ ላይ እስከ ዛሬ «1.2 ነኝ» ይላል። እውነተኛው ቁጥር ኤክስቴንሽን (በኋላ የሚታከል ተጨማሪ ክፍል) ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ ለ1.3 ምንም የማይሠራ የድሮ መልእክት ጣል ያደርጋል፤ የቆየ የ1.2 ግንኙነት የሚቀጥል እንዲመስል። በደረጃ የጸደቀ ውሸት ነው። ግን ይሠራል።

አንቺም የመጀመሪያዋን ባይት 1 ላይ፣ ሁለተኛዋን ዜሮ ላይ ተዪያቸው። ለዘለዓለም። ትክክለኛውን ቨርዥን ከሄደሩ በኋላ አስገቢ። ከተቻለ ደግሞ ጠቅላላውን በቲኤልኤስ ጠቅልዪው። መሃል ያለ ዕቃ ያላየውን ነገር ሊለምድ አይችልም። ኩዊክ አብዛኛውን ሄደሩን ሳይቀር የሚመሰጥረው ለዚህም ጭምር ነው።

ኬብል_ጎታች፦
መመስጠሩ ጥሩ። እኛ የኔትወርክ ሰዎች ግን ችግር ሲፈጠር ዓይናችንን ታስረን ነው የምንፈልገው። ይህንንም አስቡልን።

ባለ_ሴንሰሯ፦
ተገኘ። ስናገረው አፍራለሁ። ሪሴቱን የላከው ሰርቨሩ አይደለም። ቲቲኤሉ ሲታይ እዚያው አጠገብ ካለ ዕቃ የመጣ ነው። ሴንሰር በበዛባቸው ቦታዎች ብቻ፣ ከአራት ዓመት በፊት የተከልነው የራሳችን ጌትዌይ (የሴንሰሮቹን መረጃ ወደ ሰርቨሩ የሚያሳልፍ ሳጥን) አለ። ኮዱን ከፍቼ አየሁት። የመጀመሪያዋ ባይት 1፣ ሁለተኛዋ 0 ካልሆነች «የተበላሸ መረጃ» ብሎ ይዘጋል። የጻፈው ልጅ ለቋል፤ ኮዱን አይቼ ያጸደቅኩት ግን እኔ ነኝ። ሁለቱም ጫፍ የኔ ነው ብዬ ነበር፤ መሃሉም የኔው ሆኖ አረፈው።

ጌትዌዩን ከርቀት ማደስ አይቻልም። ከሄደሩ በኋላ ያለውን ግን ሳያይ ያሳልፋል። የሌሊት_ፈረቃን መንገድ ዛሬ ሁለት መሣሪያ ላይ ሞከርኩት፣ ሠራ። ቲኤልኤሱ አይሆንም፤ የመጀመሪያዋ ባይቱ 22 ስለሆነች ይኸው ጌትዌይ ይዘጋታል። አንድ ነገር ቀረኝ፤ አዲሷ የቨርዥን ቦታ ነገ እንደዚሁ እንዳትደርቅብኝ ምን ላድርግ?

ሌሊት_ፈረቃ፦
ከመጀመሪያው ቀን አንቀሳቅሻት። ግሪስ የሚባል ዘዴ አለ፤ ሰነዱ በ2020 ወጥቷል። ብራውዘሩ ሆን ብሎ ትርጉም የሌላቸው ቁጥሮች ይልካል፤ ሰርቨሩ የማያውቀውን ዘሎ ማለፍ አለበት። መዝለል የማይችል ከዓመታት በኋላ ሳይሆን የዚያኑ ቀን ይጋለጣል። የኩዊክ ሰዎች ደግሞ በ2023 ቨርዥን 2ን አወጡ። አዲስ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ዋናው ዓላማ «ቨርዥኑ ሁሌ 1 ነው» ብሎ የሚያስብ ሳጥን እንዳይበዛ ነው።

ቀዳሚ_ፓኬት፦
ይህን ስታደርጊ ግን የሙከራ ሰርቨር ላይ ብቻ እንዳይሆን። ከእውነተኛ መሣሪያዎች ከሚላከው ጥቂቱ ላይ የማይታወቅ ቁጥር ይግባ፤ ቢሮሽ ውስጥ ጌትዌይ ስለሌለ አይደል ሁሉም የሠራው? ያንን ጌትዌይ ደግሞ በእግርሽም ቢሆን ሄደሽ ለውጪው።