«ዋንግ»ን ንጉሥ ልበለው ወይስ ልዑል?

የቻይና ታሪክ ወደ አማርኛ ስተረጉም የገዢዎች ማዕረግ የሚጻፍበት «ዋንግ» የሚባል ፊደል ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ሦስት አግድም መስመሮችና መሐላቸውን የሚወጋ አንድ ቁም መስመር ነው፤ ለመጻፍ የቀለለ፣ ለመተርጎም ግን አሳሬን ያሳየኝ።

በጥንቱ የዡ ሥርወ መንግሥት ዘመን የበላዩ ገዢ መጠሪያ ስለነበር «ንጉሥ» አልኩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 የቺን መንግሥት ገዢ «ሁዋንግዲ» የሚል አዲስ ማዕረግ ለራሱ አወጣ፤ እሱን «ንጉሠ ነገሥት» ብዬ ተገላገልኩ። ጣጣው የመጣው ከቺን ቀጥሎ የገዛው የሃን ሥርወ መንግሥት ላይ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጆች ግዛት እየተሰጣቸው «ዋንግ» ይባላሉ! «ልዑል» ብል የፊደሉ አንድነት ይጠፋል፤ «ንጉሥ» ብል አንባቢ ሁለት ዙፋን ያለ ይመስለዋል። እርግጥ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም በአፄ ዮሐንስ ሥር ነበሩ።

ቻይንኛ የምታውቁ፣ እባካችሁ፣ የትኛው ይሻላል?