ባለ 8 ቴራባይት 4 ዲስክ፦ ሬይድዜድ1፣ ሬይድዜድ2 ወይስ ሚረር?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ለቤት የፋይል ሰርቨር እየገጣጠምኩ ነው፣ ፋይል ሲስተሙ ዜድኤፍኤስ ነው። የቤተሰብ ፎቶ፣ የሥራ ፋይልና ብዙ ፊልም ይገባበታል። ሬይድዜድ1 (አንድ ዲስክ ቢሞት ዳታው የሚተርፍበት አደረጃጀት) ካደረግኩት 24 ቴራ አገኛለሁ፣ በሬይድዜድ2 (ሁለት ቢሞቱም የሚተርፍበት) ግን 16 ብቻ። ሁለት ዲስክ ሙሉ ለመጠባበቂያ መስጠቱ ይቆጨኛል። ለቤት አንዱ አይበቃም? ደግሞ ሲሞላስ እንዴት ነው የማሰፋው?

መልስ 1
ሬይድዜድ2 አድርገው፣ አታመንታ። ዋናው ጭንቅ ዲስክ ከሞተ በኋላ ነው የሚመጣው። አዲሱን ስትተካ የቀሩት ሦስቱ ላይ ያለው ዳታ በሙሉ መነበብ አለበት፣ ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ በሴኮንድ 150 ሜጋባይት እየጻፈ እንኳ ወደ 15 ሰዓት ይፈጃል፣ ሰርቨሩ ሌላ ሥራ ካለበት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። አራቱንም አንድ ላይ ገዝተሃቸው ከሆነ ያረጁትም አንድ ላይ ነው። በዚህ መሃል ሁለተኛው ከሄደ በሬይድዜድ1 በቃ፣ ያለህ ሁሉ ሄደ።

መልስ 2
ሚረርን (ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ቅጂ የሚይዝበትን) ለምን ዘለላችሁት? አራቱን በሁለት ጥንድ ብታደርጋቸው ቦታው ያው 16 ቴራ ነው። አንዱ ሲሞት የሚነበበው ጥንዱ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ለማስፋትም ሁለት ዲስክ መጨመር ነው። ጉዳቱን ግን አልደብቅህም፤ በዚያ ሰዓት ያ ጥንዱ ራሱ ከሞተ ሁሉም ይጠፋል። ሬይድዜድ2 ግን የትኞቹም ሁለቱ ቢሞቱ ይተርፋል። ከኦፕንዜድኤፍኤስ (የዜድኤፍኤስ ክፍት ምንጭ እትም) 2.3 ወዲህ ሬይድዜድ ላይም ዲስክ አንድ በአንድ መጨመር ይቻላል።

መልስ 3
ከሁሉም በፊት የዲስኮቹን ሞዴል ቁጥር አይተህ ኤስኤምአር (መስመሮቹን ደራርቦ የሚጽፍ የዲስክ ዓይነት) አለመሆናቸውን አረጋግጥ። ኤስኤምአር ከሆኑ ምትኩ ሲገባ ይንቀራፈፋሉ፣ አንዳንዴም ስህተት እየሰጡ ከፑሉ (ዲስኮቹ ከተጣመሩበት ስብስብ) ይወጣሉ። ሌላው ደግሞ፣ እባክህ ሬይድን (ዲስኮችን እንዲህ ማጣመርን) እንደ ባክአፕ አትቁጠረው። ፎቶ በስህተት ብታጠፋ ከአራቱም ላይ እኩል ነው የሚጠፋው። ስናፕሾት (ፋይሎቹ በአንድ ጊዜ የነበሩበትን ሁኔታ ይዞ የሚያቆይ) ትንሽ ይረዳሃል፣ ሰርቨሩ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ግን አብሮ ይሄዳል።

ጠያቂው
የማስፋቱ ነገር ነበር የያዘኝ፣ እሱ ከተቻለ ሬይድዜድ2 ይሁን። ግን 16 ቴራ ባክአፕ ከየት አመጣለሁ?

መልስ 3
ሁሉንም ለምን? ፊልሙ ተመልሶ ይገኛል። ፎቶውንና የሥራውን ፋይል ብቻ ለይተህ አንድ ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጠህ ሌላ ቤት አስቀምጠው። ስክረብም (ዳታውን ሁሉ አንብቦ ስህተት የሚፈትሽ) በወር አንዴ ይሂድ፣ ስህተት ሲገኝ ኢሜይል እንዲልክልህ አድርገው።